ልጄን ልምከረው ወይስ ልዘዘው?

ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ዕለቱ ሰኞ፥ በዓሉም የቅድስት ሥላሴ ነበረ። በምንኖርበት በአሜሪካ አገር ይህ በዓል ሥራ የሚዘጋበት ስላይደለ፥ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድሁ፤ ወደ ማታም ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በሩን ስከፍት ልጄ ስልኩን በእጁ እንደ ያዘ በሳሎኑ መካከል ቆሞ፥ እናቱም አንገቱን አቅፋ እልል ስትል አገኘኋት። ልጄ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው፤ በዚያን ጊዜ የኰሌጅ ሦስተኛ ዓመቱን ፈጽሞ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። «አባባ፥ ተመለመልሁ፤ በአሥራ አራተኛው ዙር ጠሩኝ» አለኝ።

ቤዝቦል ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ጨዋታ ይሆናል። የገናን ሩር በዱላ ሲመቱ ያየ ሰው ግን ጥቂት ሊገምተው ይችላል። አንዱ ኳሱን ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ ይመታል፤ የመታውም ሰው በሦስት ማረፊያዎች እየዞረ ወደ ተነሣበት ስፍራ ለመመለስ ይሮጣል። ልጄ ወርዋሪ ነው።

ምልመላው በእንግሊዝኛ ድራፍት ይባላል። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ በስልክ «ልጁ ድራፍት ገባ» ብትባል፥ የእኛ አገር ድራፍት ቢራ ነውና፥ «ምነው በዚህ ዕድሜው! እናንተስ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» ብላ ደነገጠች። በዚህ ብዙ ሣቅን። ነገር ግን እኔ ከሣቁ በኋላ ብቻዬን ስቀር ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ምክንያቱን ለመግለጥ ጥቂት ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። በዚያው ዓመት ትምህርቱ ተቋርጦ እኛ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ተላክን። ደብተሬን አልጋዬ ላይ ትቼ በአውቶቡስ ተጫንሁ። በግንቦት ወር መንግሥት ሲለወጥ ከብዙ ጓደኞቼ ጋራ በእግሬ ወደ ኬንያ ተሻገርሁ፤ ከስደተኞች ሰፈርም ወደ አሜሪካ መጣሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሥራ አላጣሁም፤ ትዳርም ልጅም ሰጥቶኛል። ያን ትምህርት ግን እስከ ዛሬ አልጨረስሁትም። በእንግሊዝኛ ወጣትን ለጦር መመልመልም ለቤዝቦል መመልመልም በአንድ ቃል ድራፍት ነው የሚባለው። ስለዚህ ቃሉ በቤታችን ሲነገር እናቱ የሠርግ ከበሮ ስትሰማ፥ እኔ የዚያን አውቶቡስ ድምፅ እሰማ ነበር።

እንግዲህ የነገሩን አካሄድ ላስረዳ። ይህ ምልመላ የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ሠላሳው ታላላቅ ቡድኖች ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዙሩ ሃያ ሲሆን፥ በየዓመቱ ከ600 የሚበልጡ ወጣቶች ይጠራሉ። ባለ አራት ዓመት ኰሌጅ የገባ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሳይፈጽም ወይም ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይመረጥም። የተመረጠም ግዴታ የለበትም፤ ፊርማውን ነሥቶ ወደ ትምህርቱ ቢመለስ በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ሊመረጥ ይችላል። ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነው። ለልጄ የተቈረጠው ቀን ሐምሌ 21 ነበረ፤ ሁለት ሱባዔ መሆኑ ነው።

ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲቈጥር በወንጌል ተምረናልና፥ እኔም ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ቡድኑ ለፊርማው 100,000 ዶላር ሊሰጠው አሰበ። ይህ ለእኔ ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመንግሥት ግብርም ይቀነስበታል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ በቀጥታ ወደ ታላቁ ሜዳ አይገባም። በታችኞቹ ቡድኖች እየተፈተነ አንድ አንድ ደረጃ ይወጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት የእነዚህ ተጫዋቾች ደመወዝ በታችኛው ደረጃ በዓመት 19,800፥ በላይኛው ደረጃ 35,800 ዶላር ሆነ፤ ከዚያ በፊትማ የታችኛው 4,800 ብቻ ነበረ። በታላላቆቹ ቡድኖች የሚጫወት ሰው ግን በ2025 እ.ኤ.አ. ትንሹ ደመወዙ 760,000 ዶላር ነበረ። ከተመረጡት መካከል አብዛኞቹ ይህን ሜዳ ሳይረግጡ ይቀራሉ። ስለዚህ ወረቀቱን አጣጥፌ «አይሆንም» ብዬ በልቤ ወሰንሁ።

በዚያች ሌሊት ከልጄ ጋራ ማእድ ቤት ውስጥ ተቀመጥን። «ልጄ፥ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ዲግሪህን ያዝና ከዚያ በኋላ ጨዋታህን ተጫወት» አልሁት። ባስተር ፖዚ የሚባለውንም ተጫዋች ምሳሌ አድርጌ አነሣሁለት። ይህ ሰው በ2005 እ.ኤ.አ. ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲወጣ በአምሳኛው ዙር ተጠርቶ እንቢ አለና ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ከመላው አገር አምስተኛ ሆኖ ተመረጠ፥ ለፊርማውም 6.2 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ።

ልጄ በትዕግሥት ሰማኝና እንዲህ አለ፤ «አባባ፥ እርሱ ተሳክቶለታል። ነገር ግን በ2000 እ.ኤ.አ. ሰባተኛ ሆኖ የተመረጠ አንድ ወርዋሪ ደግሞ ገንዘቡ አነሰኝ ብሎ ሳይፈርም ቀረ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተጠራ፤ በየጊዜው ዙሩ እየወረደ ሄደ፥ በመጨረሻም ታላቁን ሜዳ ሳያይ ቀረ። አልበርት ፑሆልስ ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በአሥራ ሦስተኛው ዙር ነው የተመረጠው፤ 703 ጊዜ ኳሱን ከሜዳ አሻግሮ ሲመታ ዓለም አይቶታል።»

«ለአንድ ፑሆልስ ስንት ሺሕ ስሙ ያልተሰማ አለ?» አልሁት።

«አውቃለሁ። እኔ ፑሆልስ እሆናለሁ አላልሁም። ግን አስበው፤ ዘንድሮ እንቢ ብል የምመለስበት ትምህርት ስላለኝ ቡድኑ ይሰጋል፤ ስለዚህም ደኅና ገንዘብ ይሰጠኛል። በሚመጣው ዓመት ግን ትምህርቴ አልቆ መመለሻ ስለማይኖረኝ የሰጡኝን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለኝም። ደግሞ ወርዋሪ ነኝ። የክርን ጅማት ቢበጠስ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ቢባልም፥ ወደ ሜዳ ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ይህ ኰሌጅ ውስጥም ሊደርስብኝ ይችላል። ትምህርቱ ይቆየኛል፥ ክንዴ ግን አይቆየኝም» አለ።

ምክንያቱ ጥሩ እንደ ሆነ ልቤ እያወቀ አፌ ግን «ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ተናገረ። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ልጄ ምንም ሳይመልስ ተነሥቶ ወደ መኝታው ሄደ፤ ዐሥር ቀን ያህልም በቤታችን ከሰላምታ በቀር ብዙ ንግግር አልነበረም።

የባለቤቴ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነበር። ደስታዋ ሲሰክን፥ «እሑድስ?» ብላ ጠየቀች። በታችኞቹ ቡድኖች ጨዋታው ከማክሰኞ እስከ እሑድ ነው፤ ዕረፍታቸው ሰኞ ነው። ልጃችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገና እሑድ ከቅዳሴ ቀርቶ የማያውቅ ስለ ሆነ፥ ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። ረቡዕና ዓርብስ በመንገድ ላይ ምን ይበላል? በዚህ ጊዜ ልጄ ሳንዲ ኩፋክስ ስለሚባለው አይሁዳዊ ወርዋሪ ነገራት። በ1965 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ታላቅ ውድድር የመጀመሪያ ቀን ከሥርየት ጾማቸው ጋራ ቢገጥም፥ ኩፋክስ ለሃይማኖቱ ክብር አልጫወትም አለ። ሆኖም በመጨረሻው በሰባተኛው ጨዋታ ወርውሮ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ፥ «እርሱ ስሙ የገነነ ሰው ነው፤ ጀማሪውን ማን ይሰማዋል?» አለች። እውነቷን ነበር፤ ልጄም እውነት መሆኑን አልካደም።

ሐምሌ 19 ቀን ቅዳሜ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ዋለ። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ቀርቤ ነገሩን ሁሉ አጫወትኋቸው። «አባታችን፥ እርስዎ ይዘዙልኝ፤ የእርስዎን ቃል አይጥልም» አልኋቸው። እርሳቸው ግን አላዘዙም። ይልቁንም እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፤ «ልጄ፥ የምትፈራው ለእርሱ ነውን? ወይስ በብላቴ የቀረውን ተማሪ ነው የምታስበው?»

ለብዙ ጊዜ ዝም አልሁ። እርሳቸውም ቀጠሉ፤ «የዛሬውን ገድል ሰምተሃል። ኳስ መወርወር ሰማዕትነት አይደለም፤ ላመሳስለውም አልሻም። ነገር ግን ከሚፈላው ጋን ፊት የፈራችው እናቲቱ ኢየሉጣ ነበረች፤ ያጸናትም ሕፃኑ ቂርቆስ ነው። ወላጅ ሁልጊዜ አጽኚ፥ ልጅ ሁልጊዜ ጽኑዕ ያልሆነ አድርገን አንገምት። አንተን ያለ ፈቃድህ ወስደውሃል። እርሱን ግን ማንም አልወሰደውም፤ እንዲመርጥ ነው የጠየቁት። አንተ ያላገኘኸውን ምርጫ እንዳትነሣው ተጠንቀቅ። የምታውቀውን ሁሉ ንገረው፥ ከዚያ በኋላ መርቀው።»

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ስንበላ፥ ልጄን በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ ብላቴም ከዚያ በፊት ነግሬው የማላውቀውን ሁሉ ነገርሁት። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እንደ ገና ዘርግተን ሦስታችን አብረን ጻፍን። በዚህ ጊዜ እኔ ቀድሞ ያልቈጠርሁትን አንድ ነገር አሳየኝ። ቡድኑ ከተስማማ፥ የቀረውን የኰሌጅ ትምህርት ወጪ እንዲከፍል በውሉ ውስጥ ይጻፋል፤ ተጫዋቹም ጨዋታውን በተወ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን መጀመር አለበት። ልጄም «ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም፤ ከተጻፈ ግን እፈርማለሁ። አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ።

እኔም፥ «እኔ ብሆን ትምህርቴን እጨርስ ነበር። ምክሬ ይህ ነው፤ አልደብቅህም። ትእዛዝ ግን አይደለም። የመረጥኸውን ብትመርጥ አባትህ ነኝ» አልሁት። በነጋታው ሐምሌ 21 ቀን፥ የትምህርቱ ነገር በውሉ መጻፉን አንብበን ካረጋገጥን በኋላ፥ ልጄ ፈረመ። ከመፈረሙም በፊት ጉልበቴን ሊስም ጐንበስ ሲል፥ «በወጣህበት በገባህበት አምላከ ቅዱስ ገብርኤል ይጠብቅህ፤ ክንድህን ያጽናልህ» ብዬ መረቅሁት። እናቱም ውዳሴ ማርያሟን ከሻንጣው ውስጥ አኖረችለት።

እነሆ ልጄ አሁን ከእኛ ርቆ ይኖራል። እንደሚሳካለት አላውቅም፤ እርሱም አያውቅም። የእሑዱም ነገር ገና አልተፈታም። በጨዋታ ወራት እሑድ እንደሚቀርበት፥ ሲያርፍ ግን ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ እንደሚሄድ ነግሮናል፤ እናቱ በዚህ አልረካችም፥ እኔም አልረካሁም። ይህን እውነት ሸፍኜ ሁሉ ነገር ያማረ አስመስዬ ብጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ነገር ግን ሰኞ ሰኞ ይደውላል፤ የሆነበትን ሁሉ፥ መሸነፉንም ሳይቀር፥ ይነግረናል። በግድ አስቀርቼው ቢሆን ኖሮ በአካል ከእኛ ጋራ ይኖር ይሆናል፤ ልቡን ግን እንዲህ ሊከፍትልን መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ በየቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ወላጆች፥ የልጃችሁ ጥሪ ኳስ ባይሆን እንኳ ሙያ ወይም ስደት ወይም ትዳር ቢሆን፥ አስቀድማችሁ ነገሩን በሚገባ መርምሩ፤ ሳያውቁ መምከር ማስፈራራት ብቻ ነውና። ቀጥሎም ፍርሃታችሁ ከልጃችሁ ዕድል የመጣ እንደ ሆነ ወይም ከገዛ ቍስላችሁ፥ በንስሐ አባታችሁ ፊት ለዩ። ምክራችሁን በግልጥ ተናገሩ፤ ምርቃታችሁን ግን ምክራችሁን ለመቀበሉ ዋጋ አታድርጉት።

በቅርቡ ልጄ ደውሎ ስለ ቀረችው አንድ ዓመት ትምህርቱ ስንጫወት፥ «አባባ፥ የእኔስ በውል ተጽፏል። የአንተ ሁለት ዓመት ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቱ ከጐኔ ተቀምጣ ሣቀች። እኔ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም፤ በሚመጣው ሰኞ ሲደውል እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ።