ቀለም ይሻላል ወይስ ዱቄት?

ዕቃ የሚመረጠው በሥራው ነው ይባላል። ይህም ስለ ምጣድና ስለ መጥረቢያ እውነት ነው። በቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያስፈልግ ፕሪንተር ግን ይህ ሚዛን አይበቃም፤ ከሚሠራበት ቀን ይልቅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ቀን እጅግ ይበዛልና። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲቀመጥም ምን እንደሚሆን መመርመር ይገባናል።

በገበያ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ኢንክጄት ሲሆን ፈሳሽ ቀለምን ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች እየረጨ ይጽፋል። ሁለተኛው ሌዘር ነው። የዚህኛው ቀለም ቶነር የሚባል ደረቅ ዱቄት ነው፤ የብርሃን ጨረር ድራም በሚባለው ዘንግ ላይ የጽሑፉን መልክ ይሥላል፤ ዱቄቱም በዚያ መልክ ተጣብቆ ወደ ወረቀቱ ይተላለፍና በሙቀት ይቀልጣል። የዱቄቱን ጥበብ ቼስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1938 እ.ኤ.አ. አስገኘ፤ ጋሪ ስታርክዌዘር ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. ሌዘርን ጨምሮበት የኮምፒዩተር ማተሚያ አደረገው።

ኢንክጄት ምስጋና ይገባዋል። ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ፎቶግራፍና ካርታ በየቀለሙ ያወጣል፤ ጥቂት መብራትም ይበቃዋል። ነገር ግን ፈሳሽ ይደርቃል። በተለይም ዝናቡ በአብዛኛው በክረምት ብቻ በሚጥልባት በመቀሌ ለሳምንታት ሳይሠራ የቆየ እንደ ሆነ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። እነርሱን ለማጽዳት መሣሪያው ያንኑ በብር የተገዛ ቀለም ያፈስሳል። እንግዲህ ጥቂት ለሚያትም ሰው ለጽሑፍ ከሚውለው ቀለም ለጽዳት የሚፈሰው ሊበልጥ ይችላል።

ይህን በቤታችን አይተነዋል። እናቴ አስተማሪ ናት። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ፥ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ፥ ትምህርት ተቋርጦ፥ መብራትም ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ስለ ነበር ኢንክጄትዋ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ። መብራት ተመልሶ ስንሞክረው ነጭ ወረቀት አወጣ። የጥገና ሠራተኛውም የደረቀውን ክፍል ለመለወጥ የሚጠይቀው ዋጋ ከአዲስ ማሽን አይተናነስም አለን። እኛ ተማሪዎች ካቆምንበት ስንቀጥል እርሱ መቀጠል አልቻለም።

የሌዘር ዱቄት አይደርቅም፤ ወራት ተቀምጦም ወዲያው ይጽፋል። አንድ የትንሽ ሌዘር ቶነር በተለምዶ ከ1,000 እስከ 2,000 ገጽ ሲያትም፥ ትንሽ የኢንክጄት ቀለም መያዣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ገጽ አያልፍም። ጉድለቱ ግን አይካድም። ሲገዙት ውድ ነው፤ ርካሹም ጥቁር ብቻ ያትማል። ዱቄቱን ለማቅለጥ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚግል ብዙ መብራት ይስባል፤ ስለዚህ በአነስተኛ ባትሪ ሊያሠሩት አይገባም።

በወር አምስት ገጽ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከሁለቱም አንዱን አይግዛ፤ በትምህርት ቤቶች ደጃፍ ያሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይበቁታል። ባለቀለም ሥዕል የግድ የሚያስፈልገው ኢንክጄት ይግዛ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ አንድ ገጽ ያትምበት። የእናቴ የፈተና ወረቀትና የእኔ የ12ኛ ክፍል መለማመጃ ጥያቄ የሚሹት ጥቁር ፊደል ስለ ሆነ፥ እኛ ገንዘቡ እስኪጠራቀም ታግሠን ሌዘር ለመግዛት ተስማምተናል። ታናሽ እኅቴ ብቻ «የእኔ ካርታስ?» ብላ ተቃውማ ነበር። ካርታው በጥቁር ይታተምላታል፤ ተከዜን ግን በሰማያዊ እርሳስ ራስዋ ትቀባዋለች።