ወደ ሌላዋ ደብረ ዘይት

«ደብረ ዘይት በብስክሌት ልሄድ ነው» ስትል ሰው ሁሉ ሆራንና አስፋልቱን ያስባል። እኔ የምላት ግን መተከል ውስጥ ናት፤ የወንበራ ወረዳ ዋና ከተማ። በስተደቡብ የወረዳው ድንበር ዓባይ ነው። ከደጋው ወደ ወንዙ ሲወረድ እግር ያርፋል፣ ፍሬን ግን ሥራ ይበዛበታል። ያዝ ለቀቅ ማድረግ ይሻላል፤ አንቆ መያዝ ጎማውን ያግላል። ትርፍ ከመነዳሪም ይያዝ፤ እሾሁ እንግዳ አያከብርም፣ ጎሚስታም በየጥሻው አይገኝም።

ደጋው ላይ ሺናሻዎች አሉ፤ ራሳቸውን ቦሮ ይላሉ። ቋንቋቸው የሚዛመደው ከጎረቤት አማርኛና ኦሮምኛ ሳይሆን ከዓባይ ማዶ፣ ሩቅ ካለው ከከፋ ቋንቋ ጋር ነው። ታሪካዊ መንደር ማለት ፍርስራሽ ብቻ የሚመስለው ሰላምታቸውን ቆሞ ይስማ።

ዝቅ ሲሉ ሙቀትና ቀርከሃ፣ የጉሙዞች አገር ነው። የጉሙዝ ሴት ትከሻዋ ላይ ዘንግ አጋድማ፣ ሸክሟን ከፊትና ከኋላ አንጠልጥላ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እኛ ጓዙን ሁሉ ከኋላ ከምረን፣ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ሲነሳ «ኧረ በስመ አብ!» እንላለን። ሸክም ማካፈልን ከእሷ መማር ነው።

ወንዙን ተከትሎ ወደ ጉባ ለመዝለቅ ለሚያስብ ደግሞ፣ በ2003 ተጀምሮ በ2017 የተመረቀው ግድብ ሸለቆውን ንጋት ሐይቅ አድርጎታል። «ዳር ዳሩን እነዳለሁ» ባይ ዋና ይልመድ። ሌላው መመለሻውን ያስብ፦ ቁልቁለቱን የወረደው ብስክሌት ዳገቱን የሚወጣው በባለቤቱ ጉልበት ነው።