ሳሙና የያዘው ዘይት

ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርዳም ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይገባል። ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ነው። ደጋው ላይ ልብ ያልተባለ የሞተር ዘይት መንጠባጠብ በዚህ ሙቀት ይገለጣል፤ ዘይት ሲግል ይቀጥናልና።

የአገራችን ሾፌር ለዚህ መላ አለው። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ በድንጋይ ተመቶ ቢሰነጠቅ ስንጥቁን ጠርጎና አድርቆ ደረቅ የልብስ ሳሙና ያሽበታል። ዘይት ሳሙናን በቀላሉ ስለማያሟሟው ለጊዜው ይይዛል፤ ውኃ ሲነካው ግን ይታጠባል። ጓርኒሲዮን ቢበላሽ ደግሞ ከካርቶን ቀዶ ይተካል። ይህን ብልሃት አልንቅም፤ ሰውንም ጭነትንም ከሚቀጥለው ጋራዥ ያደርሳል።

ሆኖም ዘይት የሚፈሰው ሁልጊዜ በስንጥቅ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሲሠራ በፒስተን ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርድ ጋዝ አለ፤ መውጫውም መተንፈሻ ቱቦው ነው። ቱቦው በቆሻሻ ከተደፈነ ጋዙ ይታመቅና ዘይቱን በደከመው ኦይል ሲል ገፍቶ ያስወጣዋል። ያንን ሲደፍኑት በሌላ በኩል ይወጣል። ቀለበቶቹ ባረጁበት ሞተር ዳገት ሲመጣ እመቃው ይብሳል። ስለዚህ ደህና መካኒክ አስቀድሞ መተንፈሻውን ይመረምራል።

ካራቆሬን አንስቶ ስለ መኪና ብቻ ማውራት ለእኔ አይቻለኝም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ ነደደች፤ ካራቆሬም ከጉዳቱ አላመለጠችም። መንግሥት ኮማንድ ፖስት አቋቋመ። እሳት ሲነድ ኃይል ማስፈለጉን አልክድም። ነገር ግን በጥር 2015 ዓ.ም. አጣዬና ጀውሃ ዳግመኛ የተኩስ ድምፅ ሰሙ።

ኮማንድ ፖስት ሳሙና ነው። የይፋት መተንፈሻ ሌላ ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አቃጣዩን በችሎት የሚጠይቅበት፣ አማራውና ኦሮሞው ጎረቤታሞች በደላቸውን ያለ ፍርሃት የሚናገሩበት፣ የተናገሩትም ሰሚ የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። እርሱ ተደፍኖ ሳለ አጣዬ ላይ የደፈንነው ሰንበቴ ላይ ይወጣል፤ ሰንበቴ ላይ የደፈንነው ካራቆሬ ላይ።

ሾፌሩ ሳሙናውን አሽቶ እጁን ሲጠርግ የመጀመሪያ ጥያቄው ጋራዡ የት እንደሆነ ነው። የእኛ ሹማምንት ሳሙናው ሲይዝ ጉዞው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ጣርማበር ግን ገና ከፊታችን ነው።