የሰርቨሬ የዘር ሐረግ

ሰው ልጁን ሲድር ዘር ይቆጥራል፤ እኔ የምቆጥረው ከመርካቶ ስለገዛሁት ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ለስፔር ነው፤ ስክሪኑ ሞቷል» አለኝ ሻጩ ልጅ።

«የምፈልገው ለቤት ሰርቨር ነው፤ ስክሪን ምን ያደርግልኛል?» ስለው ደላላውን በዓይኑ ጠቀሰው። ዋጋው እዚያው ላይ ጨመረ።

ከጎኑ አንድ ግዙፍ ዴስክቶፕ በርካሽ ነበር። 80 ዋት ይበላል እንበል። ሰርቨር እንቅልፍ የለውም፤ በ24 ሰዓትና በ30 ቀን ሲባዛ በወር 57.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 10 ዋት የሚበቃው ላፕቶፕ 7.2 ብቻ ነው። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ በእርከን ይወጣል፤ የመጀመሪያው እርከን የሚያበቃው 50 ላይ ነው። ዴስክቶፑ ምጣድ ሳይጣድ ብቻውን ያሻግረናል ማለት ነው።

ዋት መቆጠብ የባለጸጋ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ታሪኩ ግን የቆጣቢዎች ነው። ኬምብሪጅ የነበረው አኮርን የተባለ ኩባንያ የራሱን ቺፕ ሲያሠራ በውዱ ሴራሚክ ፋንታ በርካሽ ፕላስቲክ ሊያሽገው ፈለገ። ፕላስቲክ ሙቀት ስለማይችል ንድፍ አውጪዎቹ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ቺፑን ከ1 ዋት በታች ማውረድ ነበረባቸው። ሚያዝያ 18 ቀን 1977 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቺፕ ተሞከረ። ፈርበር የሚስበውን ኤሌክትሪክ ቢለካ ዜሮ! ለካስ የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም፤ ቺፑ የሚሠራው ከሌሎች ሽቦዎች በሾለከ ፍርፋሪ ነበር። አርም የሚባለው የቺፕ ዘር የመጣው ከዚህ ነው፤ የእጅ ስልካችንም የዚያ ዘር ነው።

ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተርም የዚያው ከተማ፣ የዚያው ዘር ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ወጣ። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። መብራት ድንገት ሲሄድም የፓይ ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፔ የአርም ዘር አይደለም፤ ቁጠባ ያስተማረው ባትሪው ነው። ያው ባትሪ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይሆንልኛል፤ ለዚህ ሰፈር ደግሞ ይህ ከምንም ይበልጣል።

መርካቶስ ቢሆን? ጣሊያን ከአራዳ ጊዮርጊስ የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ብሎ ያስቀመጠው ነው። የተገፋው ገበያ ዛሬ ሌላው የጣለውን ያነሳል፤ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ምናለሽ ተራ ገብቶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የእኔም ከአንድ ቢሮ ተጥሎ የመጣ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ተለጣፊ ቁጥር አሁንም አልተላጠም።

ለመግዛት ከሄዳችሁ ሻጩ ሌላ ስክሪን ሰክቶ ፊታችሁ ያስነሳው፤ ሀርድ ዲስኩ ሲንኳኳ ከሰማችሁ ዋጋ አስቀንሱ። ጀርባውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ባትሪው ካበጠ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።