በሞላ ማሳ መሃል መራብ

ኸርታ ሙለር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ለግዳጅ ሥራ የተጋዘው የ17 ዓመቱ ሊዮ አካፋ ባነሳ ቁጥር ዳቦ ይቆጥራል። አንድ አካፋ፣ አንድ ግራም። ረሃቡ መልአክ ሆኖ ከጎኑ አይለይም። መጽሐፉ ከሜዳ አልተነሳም፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ከሮማኒያ ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተጋዙት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች መካከል የደራሲዋ እናት ነበሩ፤ ትዝታውን በሰፊው ያካፈላት ደግሞ ከካምፕ የተረፈው ባለቅኔ ኦስካር ፓስትዮር ነው።

ብዙ ሰው መልአኩን ያደንቃል። እኔን የያዘኝ አካፋው ነው። ዳቦ በሥራ ልክ በሚሰፈርበት ቦታ የተራበ ሰው ትንሽ ይሠራል፤ ትንሽ የሠራም ይብሱን ይራባል። በሩሲያዊው ደራሲ በሶልዠኒትሲን ልብ ወለድ ውስጥ የካምፕ እስረኛው ሹኮቭ ዳቦውን በመዳፉ ይዞ ስንት ግራም እንደጎደለ የሚገምተው ለዚህ ነው። ምሳሌውን ለደራሲዎቹ የሰጣቸው ያ ሒሳብ ነው።

ይህ ሒሳብ ለእኔ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የምኖረው ጎንደር አጠገብ፣ አዘዞ ነው። የመተማው መንገድ ከዚህ ተገንጥሎ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ሲደርስ የደጋው ልጅ ማጭዱን ይዞ በዚሁ ያልፋል። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደና ታስሮ ካልቆመ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ደርግም ለዚህ ጥድፊያ ነው ሰው በግድ የጫነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ሥራ የላቸውም የተባሉ ሰዎች እየታፈሱ በዚሁ ቆላ ወዳለው የሁመራ የመንግሥት እርሻ ተወሰዱ። ያመለጡት ሱዳን ገብተው ስለ ምግቡ ጉድለትና ስለ በሽታው ተናገሩ። በ1973 ዓ.ም ጉዳዩን ፀረ ባርነት ማኅበር ጄኔቫ ላይ ለተባበሩት መንግሥታት አቀረበው።

ዛሬ የሚወርደው ወጣት በፈቃዱ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱን አንድ አላደርግም። ቆላው ግን ያው ቆላ ነው። ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ይዞት ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚመጣውን አስቡት፦ ክንዱ እንጨት አክሏል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ወጥሮታል፤ ከሩቅ ለሚያየው የጠገበ ይመስላል።

ስለ ረሃብ ስናወራ የሚታወሰን የነጠፈ ሰማይ ነው፤ ክፉ ቀን፣ 66፣ 77። በዚያ ወሬ ውስጥ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ዝናቡ ነው። የሁመራው ግን በሞላ ማሳ መሃል የደረሰ ችግር ነው፤ ነዶውን የሚያስረውና ነዶውን የሚቆጥረው ሰው ፊት ለፊት ቆመው። ይህን የሚተርክ የአማርኛ ልብ ወለድ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ እንደ ሙለር ከተረፉት አፍ ሰምቶ የተጻፈ። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ስልሳዎቹን አጋምሷል። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ እዚያ ከነበሩ ጊዜ አትስጡት፤ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ቀለቡ በምን ይሰፈር ነበር? ሰፋሪው ማን ነበር? በቀን ስንት ነዶ ይጠበቅባቸው ነበር? ያልሞላለት ሰው ማታ ምን ይሰጠው ነበር? የነገሯችሁን በራሳቸው አነጋገር፣ ሳታሳምሩ ጻፉት።