መሃሉ ላይ ማን ይቀመጥ?

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም» ከተባለ በኋላ ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለ ድኅረ ቅኝ አገዛዝ ሥነ ጽሑፍ ሲወራ ጉዳዩን ለኬንያና ለናይጄሪያ ሰዎች ትተን እኛ ተመልካች ሆነን እንቀመጣለን። መቼም ዓድዋ እውነት ነው። በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ የመጣው ጣሊያንም አርበኛው እንቅልፍ እየነሳው አምስት ዓመት ቆይቶ ወጥቷል። ግን ለመሆኑ ጥያቄው የሰንደቅ ዓላማ ብቻ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1968 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሦስት ምሁራን የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይዘጋ የሚል ጽሑፍ አቀረቡ። ያን ጊዜ ጄምስ ንጉጊ ይባል የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውዎር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ ነበሩ። ርእሱን ብቻ የሰማ ሰው ሼክስፒርን ሊያባርሩ የተነሡ ይመስለዋል። እነርሱ የጠየቁት ግን መሃሉ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር። የአፍሪካ ተማሪ ከለንደን ተነሥቶ የገዛ ደጁን በመጨረሻ የሚያየው ስለምንድነው? ከራሱ ሥነ ቃልና ከራሱ ደራስያን ይጀምር፤ ካሪቢያኑም አውሮፓውም በየተራቸው ይከተሉ አሉ። ክርክሩ ፍሬ አፈራና ክፍሉ «የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል» ሆነ።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ እኛ ቤት እናምጣው። ልጆቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ የሚነበብበት አንድ ክፍለ ጊዜ አለ፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ፍች መፈለጊያ፣ ፈሊጣዊ አነጋገር ማውጫ ነው። እኔ እንዲያ ነው የተማርኩት። ድርሰቱ ምን እንደሚል፣ ከማን ጋር እንደሚከራከር የጠየቀን አልነበረም። ጠመንጃ ደግኖ ያስገደደን የለም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ዲፕሎማዬ የጋዜጠኝነት ነው፤ የመምህርነት ሙያ የለኝም። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማታ ማታ በቴሌግራም አንድ አነስተኛ የንባብ ክፍል እመራለሁ። አሥራ ሁለት ነን፤ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ተበትነን የምንኖር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ሰው የበይነ መረብ ትምህርት ማለት ጥቁር ሰሌዳውን ወደ ስልክ መገልበጥ መሰለው። መምህሩ ፋይል ይልካል፣ ተማሪው ያወርዳል፣ በዚያው ይቀራል። እንዲያ ከሆነማ ስልኩ ያንኑ አሮጌ መሃል ነው ይዞልን የሚመጣው፤ አንድ ተማሪ ስለ ድርሰት ማብራሪያ ቢፈልግ በብዛት የሚያገኘው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ነውና።

እኛ የጀመርነው በድምፅ ነው። ምክንያቱ መጀመሪያ ላይ የኪስ ጉዳይ ነበር፤ ቪዲዮ ዳታ ይበላል፣ መብራትም ይጠፋል። የድምፅ መልእክት ግን ትንሽ ነው፣ ሁሉም በሚመቸው ሰዓት ይሰማዋል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ከመክፈታችን በፊት ተረኛው ከቤተሰቡ የሰማውን ተረት በድምፅ ይልካል። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ በሹክሹክታ የአያቷን ተረት ላከችልን። ከዚያ በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናነብ ጉዱ ካሣ ሥርዓቱን በምሳሌ እየጠቀለለ ሲተች፣ «ይህ እኮ የአያቴ አነጋገር ነው» ያለችው እርሷ ናት። እነ ንጉጊ ሥነ ቃል ከመሃል ይግባ ያሉት ነገር የገባኝ ያን ምሽት ነው።

ጉዳዩ ግን እንዲህ ደስ እንዳለ አልቀጠለም። የሐዋሳው ተማሪ አንድ ቀን እንዲህ አለ፦ «ናይሮቢ ላይ እንግሊዝኛ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ለእኔ አያት የተቀመጠው አማርኛ ነበር። ፍርድ ቤት ስትሄድ በሲዳምኛ የሚሰማት አልነበረም።» የዋሽንግተኑ ሰው ተቆጣ። አማርኛን ከቅኝ ገዢ ቋንቋ ጋር ማመሳሰል ስድብ ነው አለ። ሁለት ምሽት ተከራከርን፤ አንድ ሰውም ክፍሉን ጥሎ ወጣ።

እኔ የማምነውን ልናገር። የመሃሉን ጥያቄ ለናይሮቢ ፈቅዶ ለሐዋሳ መከልከል አይቻልም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል እንዲቆጥሩ ፈቅዷል፤ በዚያ ቋንቋ የተነገረውን በሥነ ጽሑፍነቱ ማድመጥ ግን የእኛ ሥራ ነው። አማርኛም ይህን በማድመጡ ወዳጅ ያፈራል እንጂ አንድ ቃል አይጎድልበትም። እናም ልጁ ተረቱን በሲዳምኛ ላከ፤ ቀጥሎም በአማርኛ ተረጎመው። አንዷ ቃል አማርኛ አልገባም ብላ አስቸገረችው፤ እርሷን ለማስረዳት ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የዋሽንግተኑ ሰው ሐሳቡን አልቀየረም፤ ሆኖም «እስቲ የሲዳምኛውን ደግመህ ላከው» አለ።

ንጉጊ እስር ቤት ሳለ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አረፈ። ስሙንና ንድፈ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ተማሪ ግን የሚሰግድለትን ለወጠ እንጂ ከደጁ አልጀመረም። በእኛ ክፍል «ድኅረ ቅኝ አገዛዝ» የሚለው ቃል ከስንት አንዴ ነው የሚነሣው።

የሚቀጥለውን መጽሐፍ ገና አልመረጥንም። የተረቱ ተረኛ ግን ታውቋል፤ የዋሽንግተኑ ሰው ነው። ጎጃም ያሉ እናቱን ደውሎ ሊጠይቅ ነው።