ሰማንያ ገጽ ድምፅ

ጡረተኛው የሙዚቃ መምህር በ2016 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፥ በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ ጠቅልለው የያዙት ዕቃ ከሲጋራ ፓኮ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ፊቱ ነጭ ፕላስቲክ፥ ጀርባው እንደ መስተዋት የሚያበራ ብረት ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ያወጣው፥ 30 ጊጋ ባይት የሚይዝ አይፖድ ነበር። ስልክ ሁሉ ዘፋኝ በሆነበት በዛሬው ጊዜ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ኩባንያውም ቢሆን በሃርድ ዲስክ የሚሠራውን የመጨረሻ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2014 መሸጥ አቁሟል፤ በ2022 ደግሞ የቀረውን አንድ ዓይነት አይፖድ በእጁ ያለው እስኪያልቅ ብቻ እንደሚሸጥ አስታውቋል። የመምህሩ ጉዳይ ግን ከገበያ ጋር የሚገናኝ አልነበረም።

ነገሩ የሚጀምረው ወሎ ውስጥ ነው። መምህሩ ከ1969 እስከ 1975 ዓ.ም. በገጠር ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ፥ በዕረፍትና በበዓል ቀን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ በትከሻቸው አንግበው ከሐይቅ እስከ ባቲ፥ ከባቲ እስከ አምባሰል ይዞሩ ነበር። ሴቶች ወፍጮ ላይ የሚያንጎራጉሩትን፥ ገበሬዎች አውድማ ላይ የሚቀባበሉትን፥ ሽማግሌዎች በመንዙማ የሚያወጡትን፥ ሠርጉንም ሙሾውንም ቀዱ። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፥ አምባሰልና ባቲ፥ በዚያው አገር ስም የሚጠሩ ሆነው ሳለ፥ ተማሪዎቻቸው ስለ ቅኝት ከሰሌዳ ላይ ብቻ መማራቸው ያሳፍራቸው ነበር። ከዚያ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ከቀዷቸው ሰዎች ብዙዎቹ አለቁ፤ የቀሩትም ተበተኑ። ለክፍል ማስተማሪያ የተቀዳው ድምፅ፥ ማንም ሳያስበው፥ የሙታን ድምፅ ሆኖ ተገኘ። አርባ ካሴት፥ ሰማንያ ገጽ።

በ1999 ዓ.ም. በዋሽንግተን የሚኖረው ልጃቸው ካሴቶቹን ወስዶ ወደ ኮምፒዩተር አስገባቸው። ይህ ሥራ በፍጥነት የሚያልፍ አይደለም፤ የስድሳ ደቂቃ ካሴት ስድሳ ደቂቃ መጫወት አለበት። ልጁ ከሥራ በኋላ እየተቀመጠ፥ በየካሴቱ ወረቀት ላይ በአባቱ እጅ የተጻፈውን የቦታ፥ የቀንና የዘፋኝ ስም እየተየበ ጨረሰው። አባትየው አንድ ነገር አጥብቀው አዝዘውት ነበር፤ ድምፁ ቦታ እንዳይፈጅ ተብሎ እንዳይጨመቅ፥ ሙሉው እንዲቀመጥ። ሁሉም በአይፖዱ ውስጥ ገብቶ ወደ ደሴ ተመለሰ። ካሴቶቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ ቤት ሲቀየር በምድር ቤት የነበረው ካርቶን ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጣለ። የልጁ ኮምፒዩተርም ከጊዜ በኋላ ተበላሸ። ስለዚህ ያ ሁሉ የወሎ ድምፅ በአንዲት ነጭ ሣጥን ውስጥ፥ በአንድ ክብ ሰሌዳ ላይ ብቻ ቀረ።

ክብ ሰሌዳ መባሉ ለምሳሌ አይደለም። በአይፖዱ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፥ በደቂቃ 4,200 ጊዜ የሚሽከረከር ነው። የማንበቢያው ራስ ዲስኩን ሳይነካ፥ ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ በሚያንስ ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። ካሴቱም ሆነ ዲስኩ የሚጽፉት በማግኔት በመሆኑ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የሚወለዱት ዴንማርካዊው ቫልዴማር ፖልሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት ከጻፈበት ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማኅደር ሃምሳ ትልልቅ ዲስኮች ተሸክሞ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ከመምህሩ ካሴቶች የአንዱን ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሙሉ ለሙሉ አይችልም። ፈረንሳዊው አልቤር ፌርና ጀርመናዊው ፒተር ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ1988 ለየብቻቸው የደረሱበት የማግኔት ግኝት፥ የማንበቢያው ራስ እጅግ ደካማ ምልክትን እንዲያውቅ አስቻለ። ከዚህ የተነሣም ዲስኩ ወደ ሰው ኪስ ለመግባት በቃ። ሁለቱ ሰዎች በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት።

መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ዲስኩ ሁልጊዜ እንዲሽከረከር አላሰቡም። አይፖዱ 32 ሜጋ ባይት የምታህል ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ አለችው፤ ከዲስኩ ዘፈን በአንድ ጊዜ ወደዚያ ይቀዳና ዲስኩን ያስተኛዋል፤ የሚያዜመው ከዚያችው ነው። ዘፈኑ የተጨመቀ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ የተቀዳው ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ያልተጨመቀ ድምፅ ግን በደቂቃ ከ10 ሜጋ ባይት በላይ ስለሚፈጅ፥ የመምህሩ ዲስክ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው እየነቃ መሽከርከር ነበረበት። እንግዲህ ድምፁ አንዳች እንዳይጎድልበት የተደረገው ጥንቃቄ፥ ድምፁን የተሸከመውን ዕቃ ዓመት ከዓመት ሲያደክም ኖሯል። መምህሩ ይህን የሰሙት ዘግይተው ነው፤ ሲሰሙም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ዲስኩ መታመሙን ያስታወቀው በድምፅ ነበር። መጀመሪያ ጠቅ፥ ቆየት ብሎ ጠቅ ጠቅ፤ የማንበቢያው ራስ መንገዱን ፈልጎ ሲያጣ ወደ ቦታው እየተመለሰ እንደገና የሚሞክርበት ድምፅ ነው። በመጨረሻም በመስኮቱ ላይ ፊቱን ያጨፈገገ የአይፖድ ሥዕል ወጣ።

በአዲስ አበባ መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ሰውየውን ብዙ አላስቆማቸውም። አዲስ ይገባለታል፤ ያለው ግን ይጠፋል፤ ዘፈን ደግሞ እንደገና ይጫናል ተባሉ። መምህሩ አመስግነው ወጡ። ባለ ሱቁ የሚያውቀው ዘፈን ከየትም ሊጫን የሚችለውን ነውና በእሱ ሊፈረድበት አይገባም።

ሁለተኛው ጠጋኝ በአንድ ጠባብ ክፍል ስልክ የሚያድስ ወጣት ነበር። ዕቃውን ከጆሮው አስጠግቶ አዳመጠና ወዲያው አጠፋው።

«አባባ፥ ዲስኩን መቀየሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አለ። «ችግሩ ውስጡ ያለው ነው። ሌላ ቅጂ አለዎት?»

«የለኝም፥ ልጄ።»

«እንግዲያው ከአሁን በኋላ እንዳይከፍቱት።»

መምህሩ አንድ ልመና ነበራቸው። ሥራው ሳይጀመር አንዱን ገጽ፥ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን፥ ሊሰሙ ፈለጉ። ምናልባት ዲስኩ በዚያው ቢቀር የመጨረሻውን ጊዜ እንኳ ሰምቻለሁ ለማለት ነው። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። የደከመ ዲስክ የሚሽከረከርባት እያንዳንዷ ደቂቃ የተቆጠረች ናት፤ ራሱ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን ከነካው የሚፍቀው ያንኑ የተጻፈውን ነው። አሥሩን ደቂቃ ለጆሮ ከሰጡት ለቅጂው ሊያንስ ይችላል። ይህን ሲያስረዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ገብቶታል። መምህሩ መሐረባቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱና «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

ወጣቱ አይፖዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ፥ መሐሉንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ እንደ ተራ ዲስክ እንዲታይ አደረገው። ከዚያም ዲዲ ሬስኪው የተባለውን ፕሮግራም አስነሣ። የዚህ ፕሮግራም ጠባይ ከአስተዋይ ሐኪም ጠባይ ጋር ይመሳሰላል፤ ደኅናውን ክፍል አስቀድሞ በፍጥነት ያነባል፥ የታመመው ላይ ሲደርስ ሳይታገል አልፎት ይሄዳል፥ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ብቻ ወደ ቁስሉ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። ሥራው ሁለት ሌሊት ወሰደ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ የኮምፒዩተሩ ባትሪ ግን እስኪመጣ ድረስ አቆየው።

ከሰማንያው ገጽ ሰባ አንዱ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ስድስቱ በመሐል በመሐል ዝምታ ገብቶባቸዋል። ሦስቱ አልተነበቡም።

መምህሩ ይህን ሲሰሙ አምላካቸውን አመሰገኑ። ወጣቱ ግን ገና ያልነገራቸው ነበረው። አይፖድ የሚጫንበትን ፋይል ሁሉ በስውር ማኅደር ውስጥ፥ ትርጉም በሌላቸው አራት የላቲን ፊደላት እየሰየመ ያስቀምጠዋል፤ የዘፈኑን እውነተኛ ስም የሚያውቀው ለብቻው የተጻፈ መዝገብ ነው። የተጨመቀ ዘፈን ስሙን በራሱ ሆድ ይዞ ስለሚዞር መዝገቡ ቢጠፋም ይታወቃል። ልጁ የተጠቀመበት ያልተጨመቀው ፋይል ግን ስም አይዝም። መዝገቡ ደግሞ ከተበላሸው የዲስኩ ክፍል ላይ ወድቋል። ድምፆቹ ተርፈው ስማቸው ጠፋ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር አራት ቀን የፈጀ ነው። መምህሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ከጠጋኙ ክፍል ጥግ ባለች ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወጣቱ በአንድ እጁ የደንበኛ ስልክ እየፈታ በሌላው ይጽፋል። ብዙውን ጊዜ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ያውቁታል። ዝናም ቆርቆሮ ሲመታ ከሰሙ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይናገራሉ፤ ጣራው ቆርቆሮ የነበረው አንዱ ብቻ ነበርና። አንድ ሽማግሌ ሲስሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ይጠራሉ። በአንድ ገጽ ላይ ድምፁ ሁሉ ቀጥኖ፥ ጎልማሶቹ እንደ ልጆች ሆነው ተሰሙ። መምህሩ ሣቁ። በዚያ ቀን የባትሪው ድንጋይ ደክሞ ስለነበረ ቴፑ እያዘገመ ነበር የቀዳው፤ በዘገምታ የተቀዳ ድምፅ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይቀጥናል። «ድንጋይ ያለቀብኝ ባቲ ነው፤ የሰኞ ገበያ ዕለት» አሉ። የቅጂው ጉድለት የተቀዳበትን ቦታና ቀን ነገራቸው ማለት ነው። በየትኛውም ማኅደር የድምፅ ሠራተኞች የሚያርሙት ይህንኑ ጉድለት ነው፤ ሲያርሙት እንዲህ ያለውን ምስክር አብረው እንደሚጠርጉት ቢያስቡበት መልካም ነበር።

በ37ኛው ላይ ቆሙ። አንዲት ሴት ወፍጮ ላይ እያንጎራጎረች ናት፤ ድንጋዩ ይሰማል፤ በመሐል ልጇን ውኃ አምጪ ትላለች። መምህሩ ቤቱን፥ በሩ ላይ የነበረውን የጌሾ ተክል፥ የልጅቱን ቀሚስ እንኳ አስታወሱ። ስሟን አጡት። ሴትዮዋ የዚያን ዕለት ቴፑ ከተዘጋ በኋላ «መምር፥ ስሜንም አብረው ይጻፉልኝ» ብላቸው ነበር፤ እሳቸውም በካሴቱ ወረቀት ላይ ጽፈውላት አሳይተዋታል፤ ማንበብ ባትችልም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ወጣቱ።

«ሴት፥ አምባሰል፥ ወፍጮ። የስሙን ቦታ ክፍት ተወው።»

የዲስኩ ለውጥ በእውነትም አጭር ሆነ። ልጃቸው ከአሜሪካ በመንገደኛ የላከው አዲስ ባትሪ፥ 128 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሚሞሪ ካርድና ካርዱን በዲስኩ ቦታ የምታስቀምጥ ትንሽ አገናኝ ሰሌዳ ነበር። ወጣቱ ቀጭን የፕላስቲክ ምላጭ በፊቱና በጀርባው መጋጠሚያ እያስገባ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ አስለቀቀ። የሚፈራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባትሪውን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘው እንደ ወረቀት የሳሳ ኬብል በችኮላ የከፈተ ሰው እጅ ላይ ይቀደዳል። ማያያዣውን በጥፍሩ ጫፍ አንሥቶ አላቀቀው። ዲስኩን ከላስቲክ መከላከያው አወጣ፥ ጥቁሯን መቆለፊያ ወደ ላይ ገልብጦ ኬብሉን ሳበ፥ በምትኩ ሰሌዳውን አስገባ። በኮምፒዩተር ላይ አይቲዩንስ መሣሪያውን እንደ አዲስ ካዘጋጀው በኋላ ሰባ ሰባቱ ገጾች፥ አሁን ከነስማቸው፥ ተመልሰው ገቡ። ካርዱ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ አይሽከረከርም፥ አይጮህም። እሱም ቢሆን የሚጽፈው በኤሌክትሪክ ኃይል ክምችት በመሆኑ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ከተቀመጠ ክምችቱ ቀስ በቀስ ሊያፈስ እንደሚችል ወጣቱ አልደበቀም። ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ቅጂ አደረገ፤ አንዱን ለልጃቸው ላከ፥ ሌላውን ለራሱ አስቀረ። ለሁለተኛው ዋጋ አልጠየቀም።

መምህሩ አሮጌውን ዲስክ ከአንዲት የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ከትተው፥ አይፖዱን በመሐረባቸው ጠቅልለው በማግሥቱ ወደ ደሴ ተመለሱ።

ከስምንት ቀን በኋላ፥ ገና ሳይነጋ፥ የጠጋኙ ስልክ ጮኸ። መምህሩ ነበሩ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ ነገሩት። ወጣቱ ተነሥቶ መብራት አበራና ኮምፒዩተሩን ከፍቶ በ37ኛው መስመር ላይ ጻፈው፤ ፊደሉን እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አስደገማቸው።